ፍቅርተ ውሃ ስትሻገር

የሎዛ እናት ፍቅርተ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ናትና ከጀልባ ጋር አትግባባም። ቤታቸው ቡር ዱባይ፣ ከውሃው አፍንጫ ሥር ነው፤ የምትሠራበት ሆቴል ደግሞ ከውሃው ማዶ፣ ዴራ። ሰው ሁሉ አብራ በሚሏት የእንጨት ጀልባ እያወራ ይሻገራል። ፍቅርተ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የተመላለሰችው በሜትሮ ባቡር ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትላለች፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ዛሬ ግን በዚያው አላለቀም። የሰፈሩ ወጣቶች ማዕከል ልጆቹን «ሰፈራችሁን የምትወዱበት ቦታ ላይ ሆናችሁ፣ ለወላጆቻችሁ ስለ ሰፈራችሁ ንገሩ» ብሏቸዋል። የሎዛ ጓደኛ ኤርሚ የጨርቅ ገበያውን መረጠና፣ ሻጮቹ በስሙ እየጠሩት፣ ወላጆቹን ሁሉ እንደ ሚዜ እየመራ አዞራቸው። ሎዛ አብራን መረጠች። እናቷን እያወቀች ነው የመረጠችው። አባቷ አዲስ አበባ ነው፤ ፍቅርተ ካልተሳፈረች የሎዛን ንግግር የሚሰማው የሰው ወላጅ ብቻ ነው።

ጀልባዋ ሞላች። ከሎዛ ጎን አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ፍቅርተ ዳር ላይ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ አንቃ ይዛለች።

«እትዬ ፍቅርተ፣ ኧረ ይግቡ፤ እኔ እይዝዎታለሁ» አለ ኤርሚ።

«አንተንስ ማን ሊይዝህ? እዚሁ ሆኜ እሰማለሁ። ፈሪ ለእናቱ!»

«ለልጁስ?» አለች ሎዛ።

ፍቅርተ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ባለጀልባው በዓረብኛ «ያላ፣ ማዳም! ማፊ ሙሽኪላ!»፣ ነይ፣ ችግር የለም እያለ ሞተሩን አስነሣ። ይሄኔ ሎዛ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እማ፣ በሜትሮ ዴራ ስትሄጂ ይሄ ውሃ የት የሚገባ ይመስልሻል?»

«ዞሮ ነዋ የሚሄደው!»

«አይዞርም። በዚህ ውሃ ሥር ነው የሚያልፈው።»

ፍቅርተ ውሃውን አየች፣ ልጇን አየች፣ መልሳ ውሃውን አየች። «ከሥር?»

«ከሥር። ስድስት ዓመት ሙሉ!»

«ዋላሂ?» አለች፤ ስትደነግጥ ክርስትናዋንም ትረሳለች። ኤርሚ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አማተበችና የልጇን እጅ አንቃ ጀልባዋ ላይ ዘው አለች።

መሐል ሲደርሱ ሎዛ ጀመረች።

«ስለ ዱባይ ሲወራ ሁሉም አንጋጦ ፎቅ ያያል። የእኔ ሰፈር ግን ዝቅ ያለ ነው። እዚህ እንጨት ላይ ሱፍ የለበሰውም ዕቃ ተሸካሚውም ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣል። ስመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማንንም ቋንቋ አላውቅም። ይህች ጀልባ ግን ስትሞላ ትነሣለች እንጂ ሰው አትመርጥም። እዚህ ሰፈር እንግዳ አለመሆኔን ያወቅኩት እሷ ላይ ነው።»

ወላጆቹ አጨበጨቡ። ፍቅርተን ጭብጨባ አልበቃትም፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እልልታዋን አቀለጠችው። ባለጀልባው ደንግጦ ዞረ። ሎዛ የእናቷን እጆች እያየች ሳቀች፤ እናቷ ምንም ነገር ሳትይዝ ውሃ ላይ ተቀምጣለች።

ዴራ ሲወርዱ ሎዛ ለእናቷ አዘነችላትና ወደ ሜትሮ ጣቢያው መራቻት። ፍቅርተ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት፣ በሜትሮ።»

«በውሃ ሥር? አብደሻል እንዴ!» አለችና ልጇን እየጎተተች ወደ አብራዋ ተመለሰች።