ቢራ ያልሆነው

በፍራንከኗ መንደር በኡንተርግሪስባኽ አዲስ ቢራ የሚኖረውም የሚሞተውም በጠመቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ ባለው ክብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛው የሽማግሌዎቹ ነው። እንግዳ ሰው ተሳስቶ ቢቀመጥበት ማንም አያባርረውም፤ እስኪነሣ ድረስ ዝም ብለው ያዩታል። እነሱ ሁለተኛ ኩባያ አስቀድተው ያልደገሙትን ቢራ መንደሩ አይጠጣውም፤ መንደሩ ያልጠጣው ደግሞ ለአሳማ ይደፋል። የፍራንከን አሳማዎች ሁልጊዜ ደስ ያላቸው የሚመስሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጉንዳ ሆልፌልደር ጠመቃ ቤቱን ከወረሰች ወዲህ የአባቷን ቢራ ብቻ ስትጠምቅ ኖራለች፦ በዐቢይ ጾም ከምግብ የሚተካከለውን ጠንካራውን፣ በበጋ ቀለል ያለውን፣ በመኸር ጭስ ጭስ የሚለውን። ዘንድሮ ግን በግንቦት ጫካ ገብታ የጥድ ቡቃያ ለቀመችና በመኸሩ ቢራ ውስጥ ጨመረችው። ሽማግሌዎቹ ከደገሙት ከእንግዲህ በየመኸሩ የፈለገችውን ትጠምቃለች፤ ካልደገሙት ወደ አባቷ ቢራ ተመልሳ አርፋ ትቀመጣለች። ይህን ውል ከጠረጴዛው አለቃ ከባፕቲስት ጋር በሰው ፊት ተጨባብጠውበታል።

ባፕቲስት የሟቹ አባቷ የልብ ጓደኛ ነበር። በርሜሉ በተከፈተበት ቀን የመጣው ሊቀምስ ሳይሆን ሊቀብር ነው። ገና አንዴ እንደተጎነጨ ፊቱን አጨማደደና የሳል ሽሮፕ ነው አለ። ከጎኑ የተቀመጠው፣ የለም፣ የገና ዛፍ መላስ ነው ብሎ አረመው። ሦስተኛው ሚስቱ ወለል የምታጥብበትን ሳሙና አስታወሰኝ አለ። ጉንዳ ክንዷን አጣጥፋ ስትሰማ ቆየችና ሳሙናውን መቼ እንደቀመሰው ብቻ ጠየቀችው።

ይህ ሁሉ ሲባል ኩባያዎቹ ባዶ ሆነዋል። ይህን ግን ማንም አላነሣውም።

ይሄኔ ነው ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አንድ ጨዋ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ የገባው። በር ላይ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ አይቶ ኖሯል። በሕጉ ቢራ የሚባለው ከብቅል፣ ከሆፕስ አበባ፣ ከውሃና ከእርሾ ብቻ የተሠራው ነው፤ ጥድ የገባበት ሌላ ስም ይፈለግለት አለ። ጉንዳ አልተከራከረችም። ጠመኔ አንሥታ «የጥድ ቢራ» የሚለውን አጠፋችና «ቢራ ያልሆነ፤ ጠጥታችሁ ፍረዱ» ብላ ጻፈች። ሰውዬው እዚህም ውስጥ ቢራ የሚል ቃል አለ አላት።

ባፕቲስት ወንበሩን አዞረ።

«ቀምሰኸዋል?»

«መቅመስ እንኳ ሥራዬ አይደለም፣ ጌታው።»

«ታዲያ ቢራ አይደለም ብለህ የምትፈርደው አንተ ማን ሆነህ ነው? እዚህ ቤት ቢራ አይደለም የምንለው እኛ ነን።»

ጠረጴዛው በሙሉ አጉረመረመ። እኛ ዘንድ ቢራ መድገም የፈለገ ሰው አይጣራም፤ ባዶ ኩባያውን በጎኑ ያጋድማል። ባፕቲስት ሰውዬውን ዓይን ዓይኑን እያየ ኩባያውን አጋደመ። የሳሙናው ሰው ተከተለ። ከዚያ ጠረጴዛው፣ ከዚያም ነገሩ ምን እንደሆነ ያልገባቸው በመስኮት ዳር የተቀመጡት ሳይቀሩ አጋደሙ። ጉንዳ እየዞረች ቀዳች። ሰውዬው እስከ ሳምንት ስም እንድትፈልግለት ነግሯት፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

ባፕቲስት ደረቱን ነፋ።

«ይኸው አዳንኩሽ፣ ልጄ። ለከርሞ የአባትሽን ቢራ ትጠምቂያለሽ።»

«አልጠምቅም፣ አጎቴ። ደግማችኋል።»

«የደገምነው እሱን ለማብሸቅ ነዋ!»

«የምትደግሙበት ምክንያት ውላችን ውስጥ የለም። ለከርሞ ከጓሮዬ ፕሪም ነው የምጨምርበት።»

ባፕቲስት ተቆጥቶ ሊሄድ ብድግ አለ፤ ኩባያው ግን ገና ሙሉ ነበር፤ ሙሉ ኩባያ ትቶ መሄድ ደግሞ ከእሱ አይጠበቅም። ተመልሶ ተቀመጠ። ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ጢሙን ጠረገ።

«ፕሪሙን ከነዘሩ ነው» አለ ወደ ምድጃው እያየ፣ «ወይስ ዘሩን አውጥተሽ?»