ጥሩ ፍራሽ ይከብዳል

እኛ የመርሳ ከተማ ሰዎች ፍራሽ ስንገዛ ተኝተን አንሞክርም። አንዱን ጫፍ አንስተን እንመዝናለን፤ ከከበደ ጥሩ ነው፣ አለቀ። ይህን ሞኝነት ማን እንዳስተማረን አላውቅም። ፍራሽ ሠሪው አብዱልሐሊም ግን ቶሎ ገባው። ሐራ አካባቢ ከነበረ የድንጋይ መፍጫ የተጣለ ብናኝ በጆንያ እያስመጣ፣ ስፖንጁ በሚሠራበት ሳጥን ውስጥ ሳያብጥ በፊት ከኬሚካሉ ጋር ይቀላቅል ጀመር። ጥቂት ሲገባ ፍራሹን ያጠነክረዋል፣ ክፋት የለውም። ግን ማርም ሲበዛ ይመራል። ገበያተኛው ባመሰገነው ቁጥር እሱ አንድ አካፋ ይጨምራል።

በነሐሴ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ እኛ ሲወርድ የቻለ ሁሉ ወደ ተራራው ሸሸ። የአብዱልሐሊም ጎረቤት እማማ ሁሪያ ግን ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተው ነበር። የእኛ ቅሬ፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ሬሳ ብቻ አይደለም የሚሸከም፤ በሽተኛም ይሸከማል። የቅሬው ዳኛ ሽፈራው አራት ሰው መረጠ፤ አንዱ አብዱልሐሊም ነበር። አሮጊቷን ከነፍራሻቸው ቃሬዛው ላይ አሰሯቸው። ፍራሹም የአብዱልሐሊም ሥራ ነው። ልጃቸው ዘይነባ መንገዱ ላይ ካለው ወንዝ ማዶ ትጠብቃቸዋለች፤ ደጋው ላይ ከዘነበ ግን ወንዙ ሰው አያሻግርም።

ከከተማው ሳይርቁ ዝናቡ ወረደ። ፍራሹ ውሃውን ጠጥቶ ጭራሽ ባሰበት። ከኋላ መድፍ ይጮኻል፣ ተሸካሚዎቹ በየጥቂት እርምጃው ትከሻ ይቀያይራሉ።

"እማማ፣ ፍራሹን እንተወው። ጋቢ እናነጥፍልዎታለን" አለ ሽፈራው።

"ምነው ሽፈራው! የአብዱልሐሊምን ሥራ እጥላለሁ? እንዲህ የሚከብድ ፍራሽ ዳግመኛ ከየት አገኛለሁ? ደግሞ እሱ ራሱ እየሰማ!"

"እውነታቸውን ነው፣ ይህን የመሰለ ዕቃ አይጣልም" አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ኡበይደላ፣ እያለከለከ።

አብዱልሐሊም አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። አፈረ። ፊቱ በዝናብ ውስጥ ጋለ። አሁን እናገራለሁ፣ ያቺን ዛፍ ስናልፍ እናገራለሁ ሲል፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ኡበይደላን አዳለጠውና በጉልበቱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ቃሬዛው ሲያዘነብል እማማ ሁሪያ ጮኹ። ወንዙ መደፍረስ ጀምሯል።

"ጣሉት!" አለ አብዱልሐሊም። "ድንጋይ ነው። ውስጡ የድንጋይ ብናኝ ነው፤ እንዲከብድ ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩት!"

ሽፈራው ጨርቁን በቢላ ቀደደው። ስፖንጁ ተፈርፍሮ ግራጫ ጭቃ ሆኖ እጁ ላይ ቀረ። ሁሉም ጭቃውን አዩ፣ ከዚያ አብዱልሐሊምን አዩ።

ጋቢ አንጥፈው ሲያነሷቸው እማማ ሁሪያ እንደ ልጅ ቀለሉ። አብዱልሐሊም ትከሻውን ሊያስገባ ቢጠጋ ሽፈራው ቦታውን ያዘበት። ኡበይደላ እንኳ ጉልበቱ እየደማ ቦታውን አልለቀቀለትም። እኛ ዘንድ ሰው ከቃሬዛ ከተከለከለ ምን ቀረው? ባዶ ትከሻውን ይዞ ከኋላ ተሻገረ።

ማዶ ሲደርሱ እማማ ሁሪያ አስጠሩት። እርግማን ጠብቆ አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

"ሁልጊዜ ጎኔን ሲወጋኝ እርጅና መስሎኝ" አሉት ቀስ ብለው፣ "አላህን ነበር የማማርረው። ምን በድዬህ ነው እለው ነበር። እሱ እኮ ምንም አላደረገኝም፣ ልጄ። አሁን ምን ብዬ አውፍ በለኝ፣ ማረኝ ልበለው?"

መልሱን እየጠበቁም ዓይን ዓይኑን ያዩት ነበር።