የመስኮት ለቀስተኞች

«እነዚያ ሴቶች ዛሬም መጡ» አለች አክስት፣ መጋረጃውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ። «መጥተው ተገተሩ። እኛ ቲያትር ነን እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ የሟች ልጅ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ አንገቷን አቀናች። ከመስኮቱ ማዶ ሦስት ሴቶች ቆመዋል። ሦስቱም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነዋል፤ ሁለቱ ሕፃን ታቅፈዋል። የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደጃፉ ላይ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ተቀምጧል፤ ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። ዘመኑ የወረርሽኝ ነውና ለቀስተኛ በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ገብቶ ይወጣል። እነዚህ ግን በሩን እንዳላዩ አልፈው መስኮቱ ፊት ቆሙ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱና ሄዱ። ትናንትም ሌሎች መጥተው እንዲሁ አድርገው ነበር።

አክስት የሟች ታላቅ እህት ናት። ለቅሶ ላይ ሥርዓት ሲጓደል ጥርሷን የሚያማት ሰው ነች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ እነዚህ ከልባቸው ቢያዝኑ ኖሮ ገብተው ቁጭ ይሉ ነበር አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በሽታውን ያሸከሟት እኮ እነሱ ናቸው፣ ምን ፊት አላቸውና ይገባሉ ስትል አጉረመረመች።

 ይህን መሳይ ነገር ልብስ ሰፊዋም እናቷን በሕይወት ሳለች ፊት ለፊት ተናግራታለች።

እናቷ ሥራዋ ቤት ለቤት ነበር። አራስ ባለበት ሁሉ ትሄዳለች፤ ሕፃን እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚታቀፍ፣ እንዴት እንደሚጠባ ታሳያለች፤ ከዚያም ቁጭ ብላ እናትዮዋ በልታ እንደሆነ፣ ተኝታ እንደሆነ፣ ማን እንዳስለቀሳት ትጠይቃለች። ወረርሽኙ ሲገባ መሥሪያ ቤቷ ሰው ቤት መግባት ከለከለ። ባልደረቦቿ ወደ ስልክ ዞሩ። እሷ ግን የሕፃን አንገት በስልክ አይታይም ብላ መስኮት ለመስኮት መዞር ጀመረች። ሰፈሩም ሳይውል ሳያድር «እማማ መስኮት» አላት።

ለዚህ ሥራ አሻንጉሊት ያስፈልጋታልና ልጇን አሻንጉሊት ስፊልኝ አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ከትርፍራፊ ጨርቅ ቆንጆ አድርጋ ሰፋች፤ የአራስ ልጅ ክብደት እንዲኖራት ሆዷንና ጭንቅላቷን አሸዋ ሞላቻቸው። እናት ተቀብላ ገለበጠቻት፣ አገላበጠቻትና መለሰችላት።

«ይቺ ወታደር ናት እንጂ ሕፃን አይደለችም። አንገቷን ፍቺው።»

ፈታችው። እንደገና ሰፋችው፤ አሁንም ደረቀ። የደንበኛ ቀሚስ አስቀምጣ፣ እየተነጫነጨች፣ እንደገና ፈታችው። በመጨረሻ እጅ ሲለቃት ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ዘፍ የሚል አሻንጉሊት ወጣ። «ገና አሁን ወለድሽ» አለች እናት፤ ስሟንም «ሰነፏ» ብላ አወጣችላት። አታለቅስ፣ አትጠባ፣ የራሷን ጭንቅላት እንኳ አትሸከም። ከዚያ ወዲያ እናት ሰነፏን አቅፋ ከውጭ ትቆማለች፤ አራሷ የራሷን ልጅ አቅፋ ከውስጥ ትቆማለች። መስታወቱን መካከል አድርገው፣ አንዷ ያደረገችውን ሌላዋ እያደረገች፣ ስንቱ ልጅ አደገ።

ለልብስ ሰፊዋ ይህ አልተዋጠላትም። አንድ ማለዳ እናቷ ጫማዋን ስታጠልቅ፣ «የሰው ልጅ ስታሳድጊ የራስሽን ልጅ እናት ልታሳጫት ነው?» አለቻት። እናቷ ሳቀች። መስታወት አለ አይደል አለች፤ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ሆስፒታል ገባች፤ ጠያቂ አይገባም ተባለ። ልጇ ድምጿን በስልክ ሰማች፤ ቀጥሎ የሰማችው መርዶውን ነው። ስትሞት አጠገቧ መሆን፣ ትራስ ማስተካከል፣ ውኃ ማቅመስ፣ አንዱም አልደረሳትም። የሚያንገበግባት ይኸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የእናቷ አለቃ መጣች፤ የቤት ለቤት ሠራተኞቹን የምትቆጣጠር፣ ብዙ የማትናገር ሴት። እጇን ታጥባ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብላ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ ቆየች። አክስት ስለ መስኮቱ ሴቶች ስሞታ አሰማቻት።

ተቆጣጣሪዋ ግራ ተጋብታ አየቻት። «እማማ፣ እንዲህ አድርጉ ያለቻቸው እኮ እሷ ናት። የሰው ቤት ስትሄዱ በመስኮት፣ እኔ ቤትም ስትመጡ በመስኮት፣ የተከፈተ በር አይሸውዳችሁ እያለች ስታስተምራቸው ነው የከረመችው። አክብረዋት ነው።»

 አክስት ተነሳች፤ መጋረጃውን ጥግ ድረስ ሰብስባ አሰረችው፤ ወንበሯንም ከውጭ እንድትታይ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ተቆጣጣሪዋ የመጣችበት ሌላም ጉዳይ ነበራት። እማማ መስኮትን ለምትተካው ሠራተኛ አሻንጉሊቷን ትፈልጋታለች፤ ተተኪዋ ግን ገና አልተገኘችም። እስከዚያ ያስጨነቀቻት አንዲት አራስ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት ሩቅ አገር ቀርቷል። ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ጡት ለመሳብ አቅም የሚያጥረው ነው። ሴትዮዋ የእማማ መስኮትን ሞት ከሰማች ወዲህ መጋረጃዋን አልገለጠችም፤ ስልክ አታነሳም። ጎረቤት ደጇ ላይ የሚያኖርላት ምግብ እንዳለ ይመለሳል።

«ለምን?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ተቆጣጣሪዋ መሬት መሬት አየች። ከዚያ እንደምንም ነገረቻት። አንድ ቀን ልጁን ወተት ትን አለው፤ ፊቱ ጠቆረ። እማማ መስኮት ከውጭ ሰነፏን በክንዷ ላይ ደፍታ ጀርባዋን እየመታች እንዲህ አድርጊ ብትላትም የእናትዮዋ እጅ አልታዘዝ አለ። በሩን ከፈተች። እማማ መስኮት ገባች። ልጁ ተነፈሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ እማማ መስኮትን ትኩሳት ያዛት። «ገደልኳቸው ነው የምትለው» አለች ተቆጣጣሪዋ፤ «ትናንት በመጋረጃው ውስጥ ያናገረችኝ ይህችን ብቻ ነው።»

«ይኸው!» አለች አክስት።

 እስካሁን የልብስ ሰፊዋ ንዴት የሚያርፍበት አልነበረውም፤ አሁን በር ተገኘለት። የዚያችን ሴት በር ሄዳ ብትደበድበው ደስ ባላት። ግን ወዲያው እናቷን አየቻት፤ ከመስኮቱ ውጭ፣ አሻንጉሊት ታቅፋ፣ ሕፃን ሲጠቁር እያየች። ያን ጊዜ ቆማ የምትቀር ሴት ብትሆን ኖሮ የእሷ እናት ባልሆነች ነበር። ይህን አወቀችና አነባች። ካነባች በኋላ ተነስታ ከቁም ሣጥኑ ላይ የእናቷን የሥራ ቦርሳ አወረደች።

ተቆጣጣሪዋ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ሥልጠናም የለሽም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይገኛል አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑ ሳምንት እስኪደርስ ምን ሲጠባ ይቆይ ብላ ጠየቀች። መስኮት ላይ መቆምም ሥልጠና አይፈልግም አለች። ራሷ ተመርምራ ነፃ ተብላለች፤ እግርም አላት።

«የእናትሽ ለቅሶ ሳያልቅ?» አለች አክስት። «ሰው ምን ይላል?»

«እትዬ፣ ሰው ያለውን ስመለስ ትነግሪኛለሽ።»

አክስት ሌላ ጊዜ ቢሆን አትለቃትም ነበር። አሁን ግን በባዶ እጅ አይኬድም ብላ ሾርባ በፔርሙዝ ቀዳችና አስያዘቻት።

የሹፌሩ ሚስት የምትኖረው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ዘይት በጠጣ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። መጋረጃው ወርዷል። ልብስ ሰፊዋ መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፤ ለቅሶ እንኳ አይባልም፣ የደከመ ነገር ነው።

«የእማማ መስኮት ልጅ ነኝ» አለች።

ለቅሶው ብቻ መለሰላት። ፔርሙዙን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰችና ግንባሯን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። መሄድ እንደማትሄድ ተናገረች፤ ቢመሽም፣ ቢዘንብም። መጋረጃው ጫፉ ተነሳ። ዓይኗ ያበጠ፣ ጸጉሯ ያልተበጠረ ልጅ እግር ሴት ታየች።

«በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ባልከፍት ኖሮ…»

«በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ፤ የገባችው እሷ ናት። እናቴን ማንም ጎትቶ አያስገባትም። እኔ ልጇ እንኳ ጎትቼ ላስቀራት አልቻልኩም።» ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ ቀጠለች። «በሽታው ከየት እንደያዛት አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። የገባችለት ልጅ ግን እየራበው ነው። አምጪው።»

ሴትዮዋ ከመስኮቱ ጠፋች። ልብስ ሰፊዋ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ ተመለሰችና መጋረጃውን ወደ ጥግ ገፋችው። ግን ቆማ ቀረች፤ እጆቿ ልጁን እንደ እንግዳ ዕቃ ይዘውታል።

ልብስ ሰፊዋ ሰነፏን ከቦርሳው አወጣች። ያኔ ነው የታወቃት። ይህችን አሻንጉሊት ደጋግማ እየፈታች ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ አንድም ቀን አቅፋት አታውቅም። በሁለት እጇ ብብቷን ይዛ አነሳቻት፤ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ዘፍ አለ።

«ሰፊዋ እኔ ነኝ፤ አያያዟን ግን አላውቅም» አለች። «አሳዪኝ።»

የሹፌሩ ሚስት አሻንጉሊቷን አየች። የተንጠለጠለውን ጭንቅላት አየችና እጇ ሳታዘው ከልጇ ማጅራት ሥር ገባ።

«አንገቷን» አለች፣ መስታወቱን ልትነካ እየተንጠራራች። «አንገቷን ደግፊያት እንጂ።»

ሕፃኑ ደረቷ ላይ ዞረ፤ ፈለገ፤ አገኘ። ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ጭንቅላት በመጨረሻዋ ሰዓት የማን እጅ እንደደገፈው አታውቅም፤ ወደፊትም አታውቅም። መዳፏን ከሰነፏ ማጅራት ሥር አስገባች፤ የአሸዋው ክብደት እጇ ላይ አረፈ። ሕፃኑ ጠብቶ እስኪተኛ ድረስ እጇን አላነሳችም።