ከአራት መቶ በስተግራ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፎርማናችን ረስቶታል፤ እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ቶርኖ ቤት ውስጥ የብረት ፒን እቆርጣለሁ። የፒኑ ውፍረት አርባ ሚሊሜትር ነው፤ እኛ ሚሊሜትሩን ለአሥር ከፍለን አራት መቶ እንለዋለን። የትእዛዙ ወረቀት «|ፒን − 400| ከ2 አይበልጥ» ይላል። ፎርማኑ ሁለቱን ቋሚ መስመሮች እንደ ጌጥ ነው የሚያያቸው። አራት መቶ ሁለት ስፋት ያለው ቀለበት አለው፤ ፒኑ ካለፈበት «ገባ፣ አለቀ!» ይላል። ስሙም ገባ-አለቀ ሆኖ ቀረ። ቀጭን ፒንም በቀለበቱ እንደሚያልፍ ለማወቅ መማር አያሻም፤ ለእሱ ግን ጥፋት ማለት መወፈር ብቻ ነው።

ከነዚያ ቀጫጭኖች አንዱ ከጭነት ማንሻው ሾልኮ ወጣ፤ የተንጠለጠለው ብረት ወርዶ እዚያው ማንሻው ላይ የሚሠራውን የታናሽ ወንድሜን ግራ እጅ ጨፈለቀው። ገባ-አለቀ ሆስፒታል እንኳ ብቅ ሳይል «ፒኑን አጥብቆ ስላልመታው ነው» ብሎ የአደጋውን ሪፖርት ፈረመ። ወንድሜም በገዛ ጥፋትህ ተብሎ ተባረረ። ፒኑን ከወለሉ አንስቼ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ጸሎቱን ተውኩት።

ትናንት ደንበኛው የላካት መሐንዲስ ከሥራ አስኪያጁ ጋር መጣች። ስጠብቃት ነበር። ወለሉ ላይ በጠመኔ ረጅም መስመር አሰመርኩ፤ መካከሉ ላይ 400፣ በየእርምጃው አንድ አንድ ቁጥር። ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ 402፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ 398።

«ወረቀቱ የሚጠይቀው ርቀቱን ነው» አልኩ። «ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ፣ ከሁለት እርምጃ በላይ መራቅ የለም። በሉ ጌታዬ፣ እርስዎ ይለኩልን።» ፒኑን ከነደረቀ ደሙ የገባ-አለቀ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

በካሊፐር ለካና ቁጥሩን ለራሱ አጉተመተመ።

«ጮክ ብለው!»

«ሦስት መቶ… ዘጠና አምስት።»

«ሄደው ይቁሙበታ።»

ከ400 ተነስቶ ወደ ግራ ሄደ። አምስቱንም እርምጃ አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ፒኑን ገልብጦ ሲያይ ፊቱ በራ። «የቆራጩ ቁጥር ሰባት ነው! ሰባት ደግሞ እሷ ናት!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ቀጠነብኝ ብዬ ሳሳይዎት ገባ፣ አለቀ አሉኝ። እንዳያባርሩኝ ፈርቼ አፌን ዘጋሁ። ዛሬ አልፈራም፤ ተያይዘን እንወጣለን።»

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም አባረረ፤ ወንድሜ ይመለስ አለ። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኩት። ቤቱ ተቀምጦ በአንድ እጁ ሸሚዙን እየቆለፈ ሰማኝ።

«እትዬ፣ ፒኑ ቀጭን መሆኑን ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር?»

«ገባ-አለቀን በሰው ፊት ላዋርድልህ ብዬ እኮ ነው ቀን የጠበቅኩት።»

«ሦስት ወር ሙሉ ‹እጄን ራሴው ነኝ ያጠፋሁት› እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር» አለና፣ ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ።