የላም ሥዕል ያለበት ጆንያ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የታኅሣሥ ውርጭ ግን ከደባርቅ ቆርቆሮዎች ላይ ገና አልቀለጠም።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አጣፍታ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ቆማለች። ልጇ ድረስ ከጦር ግንባር በሕይወት ቢመለስላት የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ደብሩን ሁሉ ጠጅ ልታጠጣ ተስላ ነበር። ድረስ በኅዳር መጣ፤ ጥቂት እያነከሰ፣ እየሳቀ። ማሩ ግን አልመጣም። በዚያ ዓመት ንቡ ቀፎውን ጥሎ ጠፍቷል፤ ስኳርም ከቀበሌው ሱቅ ከታጣ ሰንብቷል። ስለት ደግሞ ለከርሞ ይደር አይባልም።

በስኳር ፋንታ የመጣው ነገር መጋዘኑ ውስጥ ተደርድሯል፤ ለብስኩት ፋብሪካ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ በአሰብ ገብቶ፣ ኋላ ለየአውራጃው የተከፋፈለ ነጭ የዱቄት ማጣፈጫ ነው። በጆንያው ላይ ማንም የማያነበው ባዕድ ጽሕፈትና የአንዲት ላም ራስ ታትሟል።

«ከወደብ አብሮት የመጣው ወረቀት ለምግብነት ተፈቅዷል ይላል» አለ የጤና ጣቢያው የምግብ ተቆጣጣሪ ክንዴ። «ከምን እንደተሠራ ግን አይናገርም። ከውጭ የገባ ምግብ ከምን እንደተሠራ ለገዢው ሳይነገር አይሸጥም፤ ደንብ ነው። ጎንደርን በደብዳቤ ጠይቄያለሁ።»

«ጎንደር መቼ ይመልሳል?»

«ሲመልስ ነዋ፣ እትዬ።»

«ገብርኤልም እንዲህ ብሎኝ ቢሆን ልጄ እስካሁን ምሽግ ውስጥ ነበር።»

የመጋዘኑ ጠባቂ ያርጋል ሳቀ። «ምን ያጠያይቃል? ላሚቱ ራሷ ትመስክር። ደርቆ የተፈጨ ወተት ነው።»

ይህ ቃል ከእኩለ ቀን በፊት ከተማውን አዳረሰ። ወሩ ጾመ ነቢያት ነውና የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ።

«የላም ከሆነ ፍስክ ነው» አሉ። «በጾም ፍስክ አጠጥተሽ ስለት አገባሁ ልትዪ ነው?»

«እንግዲያው ማር ካለዎት ይስጡኝ፣ አባቴ።»

«እኔ ያለኝ ሰሙ ነው። ማሩን ሌላ ቦታ ጠይቂ።»

ክንዴ ከጆንያው አንድ ጭብጥ ዘግኖ በብርሃን አየው። «ከወተት የሚወጣ ስኳር አለ» አለ፤ «ከበቆሎና ከመሰለው አዝርዕት የሚወጣም አለ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ጣፋጭ። ግን የወተቱን የጠጅ እርሾ አይነካውም፤ የአዝርዕቱን ያፈላዋል። ለምርመራ ናሙና መውሰድ ተፈቅዶልኛል።»

«ይህን ማን አስተማረህ?» አለች ማንጠግቦሽ።

«የጎንደር ኮሌጅ።»

«ጎንደር ይህን ያህል ካወቀ ለደብዳቤህ ምነው ዝም አለ?»

ማንጠግቦሽ ጌሾና ለእርሾ የሚሆን ከጎረቤት የተለመነ የጠጅ አምቡላ አመጣች። በሁለት ማሰሮ ውሃውን፣ ጌሾውን፣ አምቡላውን እኩል አደረጉ፤ ዱቄቱን የጨመሩት በአንዱ ብቻ ነው፤ ፍላቱ ከአምቡላው ይሁን ከዱቄቱ እንዲለይ። ክንዴም ማሰሮዎቹን በጤና ጣቢያው በታጠበ የሲሚንቶ ጠረጴዛ ላይ አኖራቸው፤ የሚመረመር ምግብ በንጹሕ ቦታ ይቀመጣል።

ማሰሮዎቹ ዝም አሉ። በማግስቱም ዝም አሉ። መምሬ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብለው ጆሯቸውን ዱቄት ካለበት ማሰሮ አፍ አስጠጉ።

«የጽሞና መነኩሴ ይመስላል» አሉ። «እንግዲህ ላሚቱ እውነቷን ነው።»

ክንዴ አንገቱን ደፋ። ማንጠግቦሽ አብሯት የመጣውን የድረስን ፊት ላለማየት ወደ ማሰሮው ዞረችና መዳፏን ገላው ላይ አሳረፈች። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እጇን እዚያው አቆየችው።

«አንተ ክንዴ፣ በታኅሣሥ እዚህ አገር ማርስ ቢሆን በሲሚንቶ ላይ ይፈላል? እኔ በብርድ ወራት ጠጅ ጥዬ ከከብቶቹ በረት ውጭ አኑሬ አላውቅም። የከብት ትንፋሽ ነው የሚያሞቀው።»

«በረት? እዳሪ ካለበት?»

«ደንቡ ይብረደው አይብረደው እኔ እንጃ፤ ማሰሮው ግን በርዶታል።»

ክንዴ የሁለቱንም ማሰሮ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠፍሮ አሰረና አንዱን ራሱ ተሸከመ፤ ሌላውን ድረስ እያነከሰ ያዘ። በማንጠግቦሽ በረት፣ በሁለት በሬና በአንዲት ጊደር መካከል፣ በገለባ ቀበሯቸው።

በነጋታው ሰው ተሰበሰበ። መምሬ ዱቄት የሌለውን ማሰሮ አዳመጡ፤ ዝም ብሏል። ሁለተኛውን አዳመጡ፤ ቀና ሳይሉ ብዙ ቆዩ።

«አባቴ፣ ምን ይላል?»

«ደብተራ ሁሉ ገብቶበታል። ማኅሌት ቆሟል።»

ክንዴ ጨርቁን ፈታ፤ አረፋው እስከ አፉ ደርሷል። «በቆሎ ይሁን ሌላ አዝርዕት አልለየሁም» አለ፤ «ወተት ግን አይደለም። ከአዝርዕት የተሠራ ብዬ እፈርማለሁ። ያርጋል፣ መጋዘኑን ክፈት።»

«ላሚቱስ ጆንያው ላይ ምን ትሠራለች?» አለ ያርጋል፣ እጅ መስጠት አቅቶት።

«አውራ ዶሮ የተሳለበት ምላጭ ከዶሮ ነው የሚሠራው?» አለችው ማንጠግቦሽ። ቁናዋን ይዛ ከሰው ሁሉ ፊት ወደ መጋዘኑ አመራች።

በዱቄቱ ጠጅ የጣለችበት ጋን ከበረቱ የወጣው በገብርኤል ዋዜማ ነው። በበዓሉ ዕለት ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ ልጇ ድረስ በደብሩ ደጀ ሰላም እየዞረ ቀዳ፤ የመጀመሪያውን ብርሌ መምሬ ወልደ ሩፋኤል ባርከው ጠጡ፤ ሁለተኛውን ክንዴ ተቀበለ። ጠጁ ከማር ጠጅ ነጣ ያለ ነበር።