በቅጹ ላይ የሌለው ባል

«ፎቶውን ማነው ያወረደው?» አሉ የሟቹ ታላቅ እህት።

ሚስቱ የሻይ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ዞር እንኳ ሳትል «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ምስማሩ ላልቷል፤ እንዳይወድቅ ብዬ ነው» አለች።

ምስማሩ እንኳን ፎቶ በሬ ቢታሰርበት አይነቃነቅም። ተደርድረው የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ። ሰውየው ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ፎቶው ግን መሳቢያ ውስጥ ገብቷል፤ ጫማዎቹ ከአልጋ ሥር ተነስተው የት እንደደረሱ አይታወቅም፤ የሚስቱ ለቅሶም ድምፅ የለውም።

«ደንዝዛ ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ! ባሌ ቢሞት እኔ እንዲህ ብርጭቆ አላጥብም» አለች ሌላዋ፣ ባሏን ለዓመታት ስታማ የኖረች።

ሚስቱ ሰምታለች። ጆሮዋ ግን ያለው በር ላይ ነው። ይህ ሳምንት የጉብኝት ሳምንት ነው። የድጋፍ ቢሮው ሠራተኛ፣ ሰፈርተኛው «ቅጿ» እያለ የሚጠራት ሴት፣ በየወሩ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ቀኑን ሳትናገር ትመጣለች። ድጋፍ የሚቀበሉትን ቤቶች ታንኳኳለች። አልጋውን ታያለች፣ የጥርስ ብሩሽ ትቆጥራለች። በእሷ ቅጽ ላይ ደግሞ ይህ ቤት ባል የለውም። «ባል» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት፣ «ጥሎ የሄደ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አለ። ምልክቱን ያደረገችው ሚስቱ ራሷ ናት። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው።

ሟቹ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ሃያ ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ሲያጥፍ፣ ሲሰፋና ሙጫ ሲቀባ ኖረ። ከዚያ መጠረዣ ማሽን መጣና እሱ ወጣ። ሲወጣ የያዘው ነገር ቢኖር የወረቀት ብናኝ ያመጣበት ሳል ብቻ ነው። ድጋፍ ለመጠየቅ ቢሮው ሄዶ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተሰለፈ። በመስኮቱ በኩል ያለው ጸሐፊ «አቅም ያለው ወንድ ያለበት ቤት ድጋፍ አያገኝም» አለው።

«አቅሜን ካየኸው ንገረኝ፤ እኔ ፈልጌ አጥቼዋለሁ» አለ ጠራዡ።

ጸሐፊው አልሳቀም። ጠራዡ ቤቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሚስቱን አያት። እሷ በሳምንት ሦስት ቀን የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታጥባለች፤ ያ ለኪራይ እንኳ አይበቃም።

«በቃ እኔ ልጥፋ» አላት። «ጥሎኝ ሄደ በያቸው። ይህን ፊት አይቶ ማን ይጠራጠራል?»

እሷ እምቢ አለች። ሳምንት ሙሉ እምቢ አለች። በቅጹ ግርጌ በወፍራም ፊደል «ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ በሕግ ይጠየቃል» የሚለውን ስታነብ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ብታሰር ልጄን ማን ይይዛታል የሚለው ሐሳብ ያን ቀን ገባባት፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ቢሆንም ፈረመች።

ከዚያ በኋላ በጉብኝት ሳምንት ጠራዡ በጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ይመጣል። በሩን ያንኳኳና ደፍ ላይ ተንበርክኮ «እመቤቴ፣ ጥዬሽ ሄጄ ነበር። ተጸጽቻለሁ። እራት አለ?» ይላል። ልጃቸው በሳቅ ትፈርሳለች። ለቅጿ የምትመልሰውንም ያስጠናት እሱ ነው፤ እንደ ጨዋታ አድርጎ፣ ስትሳሳት እየኮረኮራት። እናትየው ግን አንድም ቀን ከልቧ አልሳቀችም። በር በተንኳኳ ቁጥር፣ እሱ መሆኑን እያወቀች እንኳ፣ ጫማዎቹን ከአልጋ ሥር ለመሸሸግ ትነሳ ነበር።

«ኧረ ተቀመጪ» አሉ እህትየው አሁን። ብርጭቆውን ከእጇ ወሰዱት። «ሆስፒታል አጠገቡ ነበርሽ አይደል? ሲሞት ምን አለ? ለእኔ ያለው ነገር የለም?»

ምን ብላ ትንገራቸው?

ሆስፒታል ያስገባችው ቀን ነርሷ መዝገብ ይዛ «ምኑ ነሽ?» አለቻት። ሆስፒታልና የድጋፍ ቢሮ ይጠያየቃሉ ሲባል ሰምታለች። አፏ ቀደማትና «ጎረቤቱ ነኝ» አለች። ጠራዡ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደርጎለት ተኝቷል። ሰማት። ነርሷ ስትሄድ «ጥሩ ጎረቤት ነሽ» አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አፈር ስሆን፣ ነገም ጠይቂኝ።»

በነጋታው ስትመጣ አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ለጎረቤት የሚደውል የለምና ማንም አልደወለላትም።

«አልደረስኩም፣ እትዬ» አለች። እውነቷን ነው።

በሩ ተንኳኳ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ክፍት በር አያንኳኳም። ቅጿ ማህደሯን አቅፋ ደፉ ላይ ቆማለች። የተሰበሰበውን ሰው ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር። ማን ነው የሞተው?»

እህትየው አፋቸውን ከፈቱ። ሚስትየዋ ቀደመቻቸው። «የእሳቸው ወንድም ነው። የልጅቷ አባት። ሌላ ቦታ ነበር … እዚያው ነው የሞተው።»

«ያ ጥሎሽ የሄደው?»

«አዎ።»

እህትየው በቁማቸው ደረቁ፤ ወንድማቸው ከዚህች ሴት አጠገብ አንድ ቀን እንኳ ርቆ እንደማያውቅ ያውቃሉ። ሚስቱ ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም። ቅጿ እግዜር ያጥናችሁ አለችና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሥራዋ ነው።

«የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ ከሄደ ወዲህ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ከአክስቷ ጎን ተነሳች። ክፍል ውስጥ እንደተጠራች ተማሪ እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ ቆመች።

«አባቴ ጥሎን ሄደ። የት እንዳለ አናውቅም። አይወደንም።»

የመጨረሻዋን ቃል ያስጨመራት አባቷ ነው። ያቺን ቃል ካልሽ ቅጿ ሌላ አትጠይቅሽም ብሎ። ልጅቷ አንዲት ቃል አልሳተችም። ከጨረሰች በኋላ፣ ጎበዝ ልትባል፣ እናቷን አየቻት።

እናትየውን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ግን ልጅቷን «ጎበዝ» ማለት አልቻለችም።

«ውሸት ነው» አለች። «እኛ ነን ያስጠናናት። ጥሎን አልሄደም። እዚህ ነው የኖረው፣ ከእኔ ጋር። ባሌ ነው።»

ቅጿ ማህደሯን ከፈተች። ከዚያ «ይህን መጻፍ ግዴታዬ ነው» አለች።

«ይጻፉት።»

«ድጋፉ ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ቅረቢ። የሚጠይቁሽ ይኖራሉ።» እዚያው ደፉ ላይ ቆማ መጻፍ ጀመረች።

ሴቶቹ አቀረቀሩ። እህትየው መጥተው ከሚስቱ ጎን ተቀመጡና ትከሻዋን ያዙ።

«እማዬ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«አልተሳሳትሽም፣ ልጄ።»

«አይወደንም ያልኩትን … አባዬ ሰምቶኝ ይሆን?»

ይህን ብላ ጮኻ አለቀሰች። የእናትየው እጅ፣ ለቅሶው ደጅ እንዳይሰማ ከቀብሩ ወዲህ ስታደርገው እንደነበረው፣ የልጅቷን አፍ ሊይዝ ተነሳ። አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወረደና የልጅቷ ጀርባ ላይ አረፈ።