የመሃድ ድምፅ የሚያድርበት

ፊልሳን የምትሠራው ድሬ፣ ታይዋን ገበያ መግቢያ ላይ፣ ከጫማ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዋ ዌብሳይት መሥራትና መጠበቅ ነው። የመጋረጃ ነጋዴዋ የቱሪያ፣ የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጠው የጦልሃ፣ የሁለት ሆቴሎችና የአንድ የጥርስ ክሊኒክ ዌብሳይቶች በእሷ እጅ ናቸው። ሁሉንም ያኖረቻቸው አንድ ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ነበር፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ዌብሳይቶች አንድ ሰርቨር ተጋርተው በሚኖሩበት ቦታ። ርካሽ ነው፤ ጥገናውም የአከራዩ ድርጅት ጣጣ ነው። ለዓመታት ተመችቷት ኖራለች።

ከዌብሳይቶቹ አንዱ ግን የደንበኛ ሳይሆን የአባቷ ነበር።

አባቷ መሃድ ዕድሜውን ሙሉ በድሬና በጅቡቲ መካከል ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ዓይኑ ሲደክም መሪውን ተወ። ከዚያ ወዲህ የቀን እንቅልፍ እምቢ አለው። ድሬ በቀትሩ ሙቀት በሯን ዘግታ ስትተኛ፣ እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ከፊቱ ይዘረጋና አጠገቡ ረዳት ያለ ይመስል ያወራል፤ ግማሹን በሶማልኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። አንድ ቀን ፊልሳን ስልኳን አጠገቡ አስቀምጣ ቀዳችው። «የመንገድ ወግ» የሚል ዌብሳይት ከፍታም ድምፁን ጫነችው።

ለጨዋታ ያደረገችውን ሾፌሮች ሰሙት። ደወሌ ላይ ጉምሩክ እስኪያሳልፋቸው ተሰልፈው የሚውሉት፣ መኪናቸው ጥላ ሥር ተጋድመው፣ ወጉን ስልካቸው ላይ አውርደው ኔትወርክ በሌለበት ሜዳ ሁሉ ይዘውት ይሄዱ ጀመር። አዲስ ወግ የሚወጣው ሐሙስ ከሰዓት መሆኑን ስላወቁ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይከፍቱታል።

በዚያ ሰሞን መሃድ አንድ ረጅም ታሪክ በየሳምንቱ ቆርሶ ያወራ ነበር። ከረዳቱ ከገዲ ጋር አይሻን አልፈው ሲሄዱ የአቧራ ማዕበል መጣ። ማዕበሉ ሲያልፍ መንገዱ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ሐይቅ በሌለበት አገር ሐይቅ ተኝቷል፤ ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ወፎች የቆሙበት። ውሃ አልቆባቸው ነበርና ገዲ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወረደ። «ወደ ውሃው ሄደ» አለ መሃድ። የዚያ ሐሙስ ወግ እዚያ ላይ ቆመ።

ገዲ ምን ሆነ? ፊልሳን ራሷ አታውቅም። በሚቀጥለው ሐሙስ መሃድ መጨረሻውን ቀዳ። ጫነችው። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ፤ ቱሪያ ነበረች።

«ፊልሳኔ፣ ዌብሳይቴ የት ሄደ? ሰው መጋረጃ ሊያይ ሲከፍት ነጭ ወረቀት ነው የሚያየው!»

አስከትሎ ጦልሃ ደወለ። ቀጥሎ ክሊኒኩ። ፊልሳን ገብታ ስታይ አከራዩ ድርጅት አካውንቷን ዘግቶታል፤ ሾፌሮቹ ወጉን ባንድ ጊዜ ሲከፍቱት ከሚፈቀድላት በላይ የሰርቨሩን አቅም ተጠቅማለች። ለመነች፣ ተከራከረች። በመጨረሻ አንድ ነገር ተፈቀደላት፦ የሌሎቹ ሁሉ ይከፈታል፣ «የመንገድ ወግ» ግን እንደተዘጋ ይቆያል።

ማታ ለአባቷ ነገረችው።

«እንግዲያው የእኔን አጥፊው፣ አቦ» አላት። አቦ አባት ማለት ነው፤ በሶማሌ ወግ አባትም ልጁን መልሶ አቦ ይላል። «ሰዎቹ ነጋዴ ናቸው። እኔ የማወራው እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።»

«ያንተን አላጠፋም፣ አቦ» አለችው። ድሬ አባትን አንተ ማለት ነውር አይደለም። ግን ምን እንደምታደርግ አላወቀችም።

አንድ መንገድ ነበር፤ ሁሉንም ጠቅልላ ወደ ቪፒኤስ መውሰድ። ቪፒኤስ ከአንድ ትልቅ ሰርቨር ለብቻ ተከፍሎ የሚሰጥ ክፍል ነው። የጎረቤት ሸክም አይደርስብሽም፣ የአንቺም ሸክም ማንንም አይነካም። ቢሮዋን የሚጋራት፣ እንደ እሷው ዌብሳይት ሠሪ የሆነው ሊበን ሐሳቧን ሲሰማ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«ሁሉንም? አብደሻል? እዚያ ሲስተሙን የምታድሺው አንቺ፣ ለክፉ ቀን ባክአፕ ቅጂ የምትይዢው አንቺ፣ ሲወድቅ የምታነሺው አንቺ። አሁን ቢያንስ የምትጮኺበት ሰው አለሽ።»

«እጮሃለሁ። ማን ይሰማኛል?»

ሊበን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «እኔም ቪፒኤስ ነበረኝ እኮ። ጅጅጋ ለሠርግ ሄጄ ስመለስ የማላውቀው ሰው ገብቶ ሁሉን አጥፍቶት አገኘሁ። ባክአፕ አልነበረኝም። ደንበኞቼን ዓይን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። የአባትሽን ዩቲዩብ ላይ ጫኚና ተገላገይ።»

«ሾፌሮቹ የሚሰሙት ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነው፤ አውርደው ነው። በዚያ ላይ ከእኔ ጋር ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ያን ቀትር ቤት ስትገባ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። መንገዱ ላይ አንድ ሰው አይታይም። የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ነጥቶ፣ ብርሃኑ እላዩ ላይ እንደ ውሃ ይርገበገባል። ፍራሹ ላይ ጋደም እንዳለች ዓይኗ ተከደነ፤ በሕልሟ የአባቷን መኪና ስትነዳ አየች። ከኋላ የቱሪያ መጋረጃዎች ተዘርግተው በነፋስ ይበራሉ፤ የጦልሃ ተሳፋሪዎች ከጨርቁ መሀል ተቀምጠው ትኬታቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ የጥርስ ሐኪሙ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ቆሟል። ሜዳው ማለቂያ የለውም፣ ሞተሩም ድምፅ የለውም። ከሰዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ «ወዴት ነው የምትወስጂን?» አላት። ጥያቄው ቁጣ አልነበረበትም።

ስትነቃ ትራሷ በላብ ርሷል። አባቷ በረንዳው ላይ አለ፤ እያወራ አልነበረም። ሁልጊዜ የሚዘረጉት እጆቹ ዛሬ ጭኑ ላይ ናቸው።

ላፕቶፗን ከፈተች። እስከዚያ ድረስ ልብ ብላ ያላየችውን፣ እያንዳንዱ ዌብሳይት ምን ያህል የሰርቨር አቅም እንደሚወስድ የሚያሳየውን ሥዕል አወጣች። የቱሪያ ከመሬት ብዙም ያልተነሳ መስመር ነው። የጦልሃም፣ የሆቴሎቹም እንደዚያው። ሐሙስ ሐሙስ ብቻ እንደ ተራራ የሚነሳው የአባቷ ነው። ለካ ቱሪያ ቪፒኤስ ቢሰጧትም ባይሰጧትም ለውጡን አታየውም። ሁሉንም ጠቅልሎ መሄድ የፊልሳን የራሷ ምኞት ነበር፤ የራሷ ሰርቨር ያላት ሴት መባል አምሯት ነበር። እዚያ ቁጭ ብላ ለራሷ አመነች፣ ትንሽም አፈረች።

ስለዚህ ለየቻቸው። የደንበኞቿ ባሉበት ይቆያሉ። የአባቷን ብቻ ይዛ ትሄዳለች። ቢወድቅም በእሷና በአባቷ ላይ ይወድቃል።

በማግስቱ አንዲት ትንሽ ቪፒኤስ ተከራየች፤ በቀትር ከተማዋ ስትተኛም ቤቷ ሆና ሥራውን ጀመረች። የድምፅ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ሲሻገሩ ደስ አላት፤ የማይታይ መንገድ ላይ የሚሄዱ መኪናዎች መስለዋት ነበር። ከዚያ የሊበን ነገር ትዝ አላትና ሌባ እንዳይገባ የሰርቨሩን በሮች መዝጋት ያዘች። ሁሉን ዘጋች። እሷ ራሷ የምትገባበትን በር ጨምሮ። ስክሪኑ ደረቀ። ብትጫነው፣ ብትደግመው፣ ምንም።

«ምን ሆንሽ?» አላት መሃድ ከበረንዳው፤ ትንፋሿ ሲቀየር ሰምቶ ነው።

«በገዛ ቤቴ በሩን በራሴ ላይ ዘጋሁት፣ አቦ።»

«ቁልፉስ?»

«ውስጥ ነው።»

መሃድ ሳቀ። ብዙ ጊዜ ያልሰማችው፣ ትከሻውን የሚነቀንቅ ሳቅ ነበር። እሷም ሳታስበው ሳቀች፤ ፍርሃቷም ቀለል አለ። ተረጋግታ ስትፈልግ ቪፒኤሱን ባከራያት ድርጅት ገጽ ላይ ለእንዲህ ያለ ቀን የተተወ የአደጋ ጊዜ መግቢያ አገኘች። ገብታ በሩን ለራሷ ብቻ ከፈተች። ቀጥላ ሰርቨሩ በየቀኑ ራሱ ባክአፕ እየወሰደ ሌላ ቦታ እንዲያስቀምጥ አዘዘችው። እንደገና በሩን ሞከረችው፤ ይከፈታል። የዌብሳይቱን አድራሻ ወደ አዲሱ ቦታ ካዞረች በኋላ የድካም ላቧን ጠረገች።

ሐሙስ ከሰዓት የታሪኩ መጨረሻ እንደገና ወጣ። ፊልሳን በቢሮዋ መስመሩን እያየች ተቀመጠች፤ ሊበንም ሥራውን ትቶ ከኋላዋ ቆመ። መስመሩ ተነሳ፣ ተነሳ፣ አናት ላይ ደርሶ እዚያው ቆየ። አልወደቀም። ቱሪያም አልደወለችም።

«ባክአፑ ሠርቷል?» አላት ሊበን።

«ሠርቷል።»

«መልሰሽ ከፍተሽ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ዝም አልኩ» አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

በዚያ ሰዓት ደወሌ ላይ፣ አዳይቱ ላይ፣ ስሙ በማይታወቅ መቆሚያ ሁሉ፣ የመሃድ ድምፅ እንዲህ እያለ ነበር፦ «ሌሊቱን ስጠራው አደርኩ። ሲነጋ ገዲ መጣ። ሸሚዙ ርሷል፣ ጀሪካኑ እስከ አፉ ሞልቷል። የት አገኘኸው አልኩት። ጠጣ አለኝ። ጠጣሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጨው የለውም። ስዞር ሐይቁ የለም፤ መንገዳችን ግን እዚያው እግራችን ሥር ነው። ገዲ አሁን ሁርሶ ነው የሚኖረው፤ የልጅ ልጆች አሉት። ስንገናኝ ስለ ሁሉ ነገር እናወራለን፤ ስለዚያ ውሃ ግን ሁለታችንም አናነሳም።»

ከዚያ ያልጠበቁት መጣ። ሾፌሮቹ የራሳቸውን ድምፅ ቀድተው ይልኩ ጀመር። አንዱ ከተማ አየሁ አለ፣ መብራቱ ሳይቀር። አንዱ የሞተችው እናቱ በስሙ ስትጠራው መሪውን አዙሮ ከገደል መትረፉን ተናገረ። ሌላው ምንም አላየሁም፣ ግን አባባ መሃድን አምናለሁ አለ። ፊልሳን እያንዳንዱን ከአባቷ ወግ ጎን አስቀመጠችው፤ ቦታ ነበራት።

በቀትር አባትና ልጅ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሰሟቸዋል። አንድ ቀን የመጣው መልእክት ቃል አልነበረበትም፤ ሰውየው መናገር አፍሮ ይሆናል፤ ነፋስና በቆመበት የሚሠራ ሞተር ብቻ ይሰማል። ፊልሳን ልታልፈው ስትል መሃድ እጁን አነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ እስኪያልቅ ሰማው።

«ላኪለት፣ አቦ» አላት በመጨረሻ። «የሞተሩን ዘይት ይቀይር በይው፤ ጅቡቲ አያደርሰውም።»